የጫማ ሰፊው ባርኔጣ

ስሙኝማ! ጆሯችሁን አውሱኝና የአንድ ጫማ ሰፊ ታሪክ ልተርክላችሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከጠባብ ሱቅ ነው። ወስፌ ቆዳ ሲበሳ፣ በሰም የታሸ ክር ሲሳብ፣ መዶሻ ሶል ላይ ሲያርፍ ከደጅ ይሰማል። ከተማዋ ቦስተን ናት። ቦስተን የማሳቹሴትስ ዋና ከተማ፣ ማሳቹሴትስም የእንግሊዝ ንጉሥ ከውቅያኖስ ማዶ ሆኖ ከሚገዛቸው 13 የአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች አንዷ ነበረች። ዓመታቱንም ቀናቱንም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው። 1770 ስል ጊዜው እንዳይርቅባችሁ፣ ራስ ሚካኤል ስሑል ጎንደር ላይ ነገሥታትን እያወጡ እያወረዱ፣ ጄምስ ብሩስ የተባለው ተጓዥም ጎንደር የገባበት ዘመን መሆኑን አስቡ።

ሱቁ ውስጥ ጉልበቱ ላይ ጫማ አስደግፎ የሚሠራው ሰው ጆርጅ ሮበርት ትዌልቭስ ሂውዝ ይባላል። «ትዌልቭስ» ከእናቱ ወገን የመጣ ስም ነው። ስሙ እንዲህ ይርዘም እንጂ ሰውየው አጭር ነበር፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ55 ቢሆን ነው። የአሜሪካን አብዮት ያነበበ ሁሉ ዋሽንግተንን ያውቃል፣ ፍራንክሊንን ያውቃል። እኔ ግን ያን ዘመን ባሰብኩ ቁጥር ፊቴ ላይ ድቅን የሚለው ይህ ድሃ ነው። ታሪኩን ያወቅነው ሸምግሎ ካወጋው ነው፤ በ1834 እና በ1835 ሁለት ጸሐፊዎች ከአንደበቱ እየሰሙ ሁለት መጻሕፍት አሳትመዋል። አልፍሬድ ያንግ የተባለ የታሪክ ምሁርም በኋላ የሽማግሌውን ትዝታ ከከተማዋ መዝገብ ጋር አስተያይቶ፣ አብዛኛው ልክ ሆኖ አግኝቶታል።

ሂውዝ የተወለደው በ1742 ነው። አባቱ ቆዳ ያለፋል፣ ሞራ አቅልጦ ሻማ ያበጃል፣ ሳሙና ይሠራል፤ ያም ሆኖ ቤቱ ሞልቶ አያውቅም። ልጁ 7 ዓመት ሲሆነው አባትየው ሞተ። በዚያች ከተማ ልጅን ጥሩ ሙያ ለማስያዝ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ብር አንጥረኛው ተማሪ ሲቀበል ከወላጅ ክፍያ ይጠይቃል። አባት ለሌለው ልጅ የሚከፈተው በር የጫማ ሰፊው በር ነው። መሣሪያው ጥቂት፣ ቦታው ጠባብ፣ ገቢውም እንደዚያው። በቦስተን የግብር መዝገብ ጫማ ሰፊዎች የሚገኙት ከታች ነበር።

በ14 ዓመቱ ለአንድ ጫማ ሰፊ ተሰጠ። ተሰጠ ያልኩት አውቄ ነው። በዚያ ዘመን ሙያ የሚማር ልጅ እስከ 21 ዓመቱ በውል ይታሰራል። ይበላል፣ ይለብሳል፣ ይማራል፤ ደመወዝ ግን የለውም፣ ጌታው ሳይፈቅድም የትም አይሄድም። ሂውዝ ሥራውን አልወደደውም። ያኔ እንግሊዝና ፈረንሳይ በሰሜን አሜሪካ ይዋጉ ነበርና ለእንግሊዝ ጦር ሊመዘገብ ሄደ። ቁመትህ አይበቃም ተባለ። ተመልሶ ጫማው ላይ ተረከዝ ደረበ፣ ካልሲው ውስጥ ጨርቅ ጠቀጠቀና እንደገና ቀረበ። አሁንም ተያዘ፣ ተመለሰ። ልብ በሉልኝ፤ ይህ ልጅ ለእንግሊዝ ንጉሥ ሊዋጋ ጫማውን ያስረዘመ ልጅ ነው። ጥላቻ ይዞ አልተወለደም። የቦስተን ሰው ያን ጊዜ ራሱን እንግሊዛዊ ነው የሚለው፤ የንጉሡ ልደት ሲሆን ይደሰታል፣ የንጉሡ ጦር ሲያሸንፍ እልል ይላል።

አሁን ወደ አንድ ትልቅ ቤት ልውሰዳችሁ።

በከተማዋ ኮረብታ ላይ የቶማስ ሃንኮክ ቤት ነበር፤ ሰውየው ከከተማዋ ባለጠጎች ቀዳሚ፣ ወራሹም የወንድሙ ልጅ ጆን ሃንኮክ። ሂውዝ ገና ሙያ ተማሪ ሳለ የጆን ሃንኮክን ጫማ ጠገነ። ወጣቱ ጌታ ደስ ብሎት ስሙን ጠየቀውና በአዲስ ዓመት ቀን ቤቱ እንዲመጣ ነገረው። ቀኑ ደረሰ። ልጁ ፊቱን ታጠበ፣ ፀጉሩን አበጠረ፣ ጌታው ሥርዓት እንዲጠብቅ መክሮ ሰደደው። የዚያ ዘመን ወግ ግልጽ ነው፤ ድሃ በባለጠጋ ፊት ባርኔጣውን ያወልቃል፣ ያጎነብሳል፣ ካልተናገሩት አይናገርም። ሂውዝ በፍርሃት ነፍሱ ልትወጣ ደርሳ ነበር። ሃንኮክ አስቀመጠው፣ ወይን አስቀዳለት፣ ብርጭቆ ለብርጭቆ አጋጩ፤ ሲወጣም ዘውድ የሚባል አንድ የብር ሳንቲም መዳፉ ላይ አኖረለት። ዘውድ 5 ሽልንግ ነበር፤ ደመወዝ ለሌለው ልጅ የዓመት በዓል። ሂውዝ ያችን ደቂቃ 70 ዓመት ሙሉ አልረሳትም። ስንቶቻችን ነን እንዲህ ያለ የልጅነት በር የምናስታውስ? ደግነቱ እውነት ነበር፤ ልጁ የተንቀጠቀጠውም እውነት ነበር።

ዓመታት እንሻገር። ጦርነቱ በ1763 አለቀ፤ እንግሊዝ አሸነፈች። ከድሉ በኋላ ግን የመንግሥቱ ዕዳ ወደ 130 ሚሊዮን ፓውንድ ተጠጋ። ለንደን ያለው ፓርላማ በአሜሪካ ለሚያኖረው ጦር የሚወጣውን ገንዘብ ከፊል ከቅኝ ግዛቶቹ ኪስ ለማውጣት አሰበ። በ1765 የቴምብር ሕግ ወጣ። ውል ስትዋዋል፣ ጋዜጣ ስትገዛ፣ ፈቃድ ስታወጣ፣ የመጫወቻ ካርታ እንኳ ስትሸምት ወረቀቱ የመንግሥት ቴምብር ይኑረው፣ ለቴምብሩም ክፈል ተባለ። የቅኝ ግዛቱ ሰው በዚያ ፓርላማ ውስጥ አንድም ተወካይ የለውም። ግብሩን የሚጥሉት የማይመርጣቸው፣ የማያውቃቸው፣ እሱንም የማያውቁት ሰዎች ናቸው።

ነሐሴ 14 ቀን 1765 ጠዋት የቦስተን ሰው ሲነቃ፣ ለቴምብር አከፋፋይነት የታጨው የአንድሩ ኦሊቨር ምስል ከአንድ ትልቅ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ አገኘ። ሕዝቡን የመራው ማን መሰላችሁ? ኤቤኔዘር ማኪንቶሽ፤ እሱም ጫማ ሰፊ። በዚያው ወር የምክትል ገዥው የቶማስ ሃችንሰን ቤት በሌሊት ተዘርፎ ባዶ ግድግዳ ቀረ። ይሄኛውን ለማሞገስ አልችልም፤ የሰው ቤት፣ የሰው መጽሐፍና ወረቀት ጭቃ ላይ ተበትኖ አደረ። ኦሊቨር ሥራውን ተወ፤ ሕጉም በሚቀጥለው ዓመት ተሻረ። ፓርላማው ግን አልተኛም። በ1767 በመስታወት፣ በእርሳስ ማዕድን፣ በቀለም፣ በወረቀትና በሻይ ላይ ቀረጥ ጣለ። ነጋዴው የእንግሊዝ ዕቃ አላስገባም ብሎ አደመ፤ ሴቶቹ የእንግሊዝን ጨርቅ ትተው ራሳቸው ይፈትሉ ጀመር። እንዲህ እንዲህ እያለ ጥቅምት 1 ቀን 1768 ቀይ ለባሽ ወታደሮች ከመርከብ ወርደው ከበሮ እየመቱ ከተማዋ ውስጥ ገቡ።

አሁን ልብ አድርጉ። ያኔ ቦስተን ከ16 ሺህ የማይበልጥ ሰው የሚኖርባት፣ በባሕር የተከበበች፣ ከየብስ ጋር በአንዲት ቀጭን አንገት የተያያዘች ከተማ ነበረች። ወታደሩና ነዋሪው በአንድ መንገድ ይገፋፋሉ፣ በአንድ ጠጅ ቤት ይጠጣሉ። ወታደር ደመወዙ ትንሽ ስለሆነ በትርፍ ጊዜው የቀን ሥራ ይፈልጋል፤ በርካሽ ይሠራና የከተማውን ሠራተኛ እንጀራ ይቀማል። ጥሉ በመጻሕፍት «ግብር እና ውክልና» ተብሎ ይነበባል፤ መንገድ ላይ ግን መልኩ ይህ ነበር።

አንድ ቀን አንድ ወታደር ወደ ሂውዝ ሱቅ መጣ። ሻምበል ቶማስ ፕሬስተን ልኮኛል፣ ጫማ ስጠኝ፣ ሻምበሉ ይከፍልሃል አለው። ሂውዝ ሰጠ። ገንዘቡ ሲዘገይበት ሻምበሉ ዘንድ ሄደ። ፕሬስተን ስለ ጫማው የሚያውቀው ነገር የለም። በጨዋነት ሰማውና አቤቱታህን አቅርብ አለው። አቀረበ። ወታደሩ ጥፋተኛ ሆነ፤ 350 ጅራፍ ተፈረደበት። ሦስት መቶ ሃምሳ፣ ለአንድ ጥንድ ጫማ! ሂውዝ እንዲህ ያለ ቅጣት እንደሚመጣ ባውቅ ኖሮ አፌን ባልከፈትኩ አለ። ይህን ቃሉን እወድለታለሁ። ጠላት እየሆነ በመጣው ሰው ጀርባ ላይ ያረፈው ጅራፍ እሱንም አመመው።

የዚህን ሻምበል ስም ያዙልኝ፤ እንገናኛለን።

የ1770 ክረምት ከፋ። በየካቲት 22 ቀን፣ ለጉምሩክ ጥቆማ በማቀበል የሚታወቅ ኤቤኔዘር ሪቻርድሰን የተባለ ሰው፣ ቤቱን በድንጋይ የሚደበድቡ ልጆች ላይ ተኩሶ ክሪስቶፈር ሳይደር የተባለ የ11 ዓመት ገደማ ልጅ ገደለ። ቀብሩ ላይ ያልወጣ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። መጋቢት 2 ቀን ደግሞ አንድ ወታደር ገመድ ወደሚገመድበት ግቢ ሄዶ ሥራ አለ ወይ ሲል፣ አዎ አለ፣ ሽንት ቤታችንን ጥረግ ብለው መለሱለት። በዱላ ተያያዙ፤ ጓደኞቹን ይዞ ተመልሶም እንደገና ተደባደቡ።

መጋቢት 5 ቀን፣ ሰኞ ማታ። መሬቱ በረዶ፣ ሰማዩ ጨረቃ። በኪንግ ጎዳና ከጉምሩኩ ቤት ደጃፍ ሂው ዋይት የሚባል ዘበኛ ብቻውን ቆሟል። አንድ የዊግ ሠሪ ተለማማጅ ልጅ፣ በዚያ ሲያልፍ ያየውን መኮንን ለጌታዬ የፀጉሩን ዋጋ አልከፈለም ብሎ ጮኸበት። መኮንኑ ግን ከፍሎ ነበር። ዘበኛው መኮንኔ የተከበረ ሰው ነው ብሎ ከልጁ ጋር ተካረረና በጠመንጃው ጭንቅላቱን መታው። ልጁ አለቀሰ፤ ሰው ተሰበሰበ። የቤተ ክርስቲያን ደወል ተደወለ። በዚያች የእንጨት ከተማ ደወል በሌሊት ከተደወለ እሳት ተነሣ ማለት ነውና ብዙው ሰው የውኃ ባልዲ ይዞ ነው የወጣው። እሳቱ ግን ሌላ ነበር።

ሂውዝም ወጣ። በእጁ ምንም አልያዘም። ዘበኛውን ሊያድን ጥቂት ወታደሮች አስከትሎ የመጣው መኮንን ማን ነው? ያ የጫማው ሻምበል፣ ቶማስ ፕሬስተን። ሕዝቡ የበረዶ ድብልብል ይወረውራል፣ ይሳደባል፣ ዱላ ይነቀንቃል፣ ተኩሱ አይዟችሁ ይላል። አንድ ወታደር ተመትቶ ወደቀ፤ ተነሥቶ ተኮሰ። ሌሎቹም ተኮሱ። ከፊት ከወደቁት አንዱ ክሪስፐስ አተክስ ነበር። አባቱ አፍሪካዊ፣ እናቱ የአገሬው ተወላጅ እንደነበሩ ይነገራል፤ መርከበኛ ነው። ብዙ የታሪክ ሰዎች ከ20 ዓመት በፊት ከፍሬሚንግሃም ከባርነት ያመለጠው ሰው እሱ ነው ይላሉ። ገመድ ሠራተኛው ሳሙኤል ግሬይ ወደቀ። መርከበኛው ጄምስ ኮልድዌል ሲወድቅ ሂውዝ በክንዱ ተቀበለው። የ17 ዓመቱ ሳሙኤል ማቨሪክ በማግስቱ፣ አየርላንዳዊው ፓትሪክ ካር ከቀናት በኋላ ሞቱ። አምስት ሰው። አንድም ባለጠጋ የለባቸውም።

ዘበኛውን ለመከላከል ከመጡት አንዱ፣ ኪልሮይ የሚባለው፣ ሂውዝን በጠመንጃው ትከሻውን መትቶት ነበር። ሂውዝ በኋላ ሄዶ ያየውን በቃለ መሐላ አስመዘገበ። ከሥራ ጠረጴዛው የማይነሣ ሰው፣ ለከተማው መዝገብ ምስክር ሆነ።

ወታደሮቹ ለፍርድ ሲቀርቡ ጠበቃ የሆናቸው ጆን አዳምስ ነው፤ በኋላ የአገሪቱ ሁለተኛ ፕሬዚዳንት የሆነው። ፕሬስተን ነጻ ወጣ፣ ስድስት ወታደሮች ነጻ ወጡ፣ ኪልሮይና ሞንትጎመሪ የሚባል ሌላ ወታደር አውራ ጣታቸው ላይ በጋለ ብረት ምልክት ተደርጎባቸው ተለቀቁ። የተጠላን ሰው በሕግ ፊት መከላከል ታላቅ ነገር ነው፣ ለአዳምስ ክብር ይገባዋል። ግን በዚያው ችሎት አዳምስ ጥፋቱን በአተክስ ላይ ጣለ፤ መልኩ ራሱ ሰው ያስፈራል እስከማለት ደረሰ። ሟች አፍ የለውም። ይህንን ባነበብኩ ቁጥር ያመኛል።

የሚገርመው ሌላ ነገር አለ። በዚያው መጋቢት 5 ቀን ለንደን ውስጥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሎርድ ኖርዝ ለፓርላማው ቀርቦ፣ ከሻይ በስተቀር የ1767ቱ ቀረጦች እንዲነሡ ጠይቆ ነበር። ባሕሩ ሰፊ፣ መርከቡ ዘገምተኛ ሆነና የእርቁ ወሬ የደረሰው ደሙ ከፈሰሰ በኋላ ነው። የሻዩ ቀረጥ ግን ቀረ። በአንድ የእንግሊዝ ፓውንድ ክብደት 3 ፔንስ።

በዚያው ዓመት ሂውዝ ታሰረ። ለፖለቲካ አይደለም፤ ለዕዳ። ቆንጆ ኮትና ሱሪ በዱቤ ወስዶ፣ ከ6 ፓውንድ ጥቂት ከፍ የሚል ገንዘብ መክፈል አቅቶት ነው። ሚስቱ ሳሊ የልብስ አጣቢ ልጅ ናት፣ በ1768 ነው የተጋቡት። ባለዕዳን ማሰር የዘመኑ ሕግ ነበር፤ የታሰረ ሰው እንዴት ሠርቶ እንደሚከፍል ሕጉ አልተጨነቀበትም።

አሁን ወደ ሻዩ መጣሁላችሁ።

የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ መጋዘኑ በሻይ ተጨናንቆ፣ ሊወድቅ ተቃርቦ ነበር። በ1773 ፓርላማው ኩባንያው ሻዩን በራሱ ወኪሎች በኩል በቀጥታ አሜሪካ እንዲሸጥ ፈቀደለት። ሻዩ ከኮንትሮባንዱ እንኳ ረከሰ። ታዲያ ምን አስቆጣቸው? 3 ፔንሷ አብራ ነበረች። ርካሹን ሻይ የጠጣ፣ ፓርላማው ሳልወከል ሊያስከፍለኝ ይችላል ብሎ የፈረመ ያህል ነው። በዚያ ላይ ሻዩን እንዲሸጡ ከተመረጡት መካከል ሁለቱ፣ በዚህ ጊዜ ገዥ የሆነው የሃችንሰን ልጆች ነበሩ።

ዳርትማውዝ የተባለችው መርከብ ኅዳር 28 ቀን ደረሰች፤ ኤሊነርና ቢቨር ተከተሏት። ሕጉ እንዲህ ይል ነበር፤ ዕቃው በ20 ቀን ውስጥ ቀረጡ ተከፍሎ ካልወረደ ጉምሩክ ይወርሰዋል። ስለዚህ የመጨረሻዋ ሌሊት ታኅሣሥ 16 ሆነች። 5 ሺህ ያህል ሰው ኦልድ ሳውዝ በተባለው የጸሎት ቤትና በደጃፉ ተሰበሰበ። የዳርትማውዝ ባለቤት ፍራንሲስ ሮች፣ መርከቤ ሻዩን እንደያዘች ትመለስ ዘንድ ፈቃድ ስጠኝ ብሎ ወደ ገዥው ተላከ። በሻማ ብርሃን ጠበቁት። መሽቶ ተመለሰ፤ ገዥው እምቢ ብሏል።

ሂውዝ ሮጦ አንድ ቀጥቃጭ ቤት ገባ። የከሰል ጥላሸት አንሥቶ ፊቱንና እጁን ቀባ፣ ብርድ ልብስ ደረበ፣ ትንሽ መጥረቢያ ያዘ። የአገሬው ተወላጅ የሆኑትን የሞሆክ ሰዎች ለመምሰል ነው። ምድሩን የተነጠቀ ሕዝብ መልክ፣ ለነጣቂዎቹ ልጆች የነጻነት ጭምብል ሲሆን ማየት ልብ ይከብዳል፤ ያንን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ወደ ግሪፊን የመርከብ ማራገፊያ ሲደርሱ ሰዎቹ በሦስት ተከፈሉ። ሂውዝ ፉጨት ይችልበታል፤ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። ስለዚህ በመርከብ ላይ በፉጨት ሠራተኛ የሚያዝዘውን ሰው ቦታ ሰጡትና ከካፒቴኑ የመጋዘኑን ቁልፍና አንድ ደርዘን ሻማ ተቀበል አሉት። አሰባችሁት? ያ በሃንኮክ ሳሎን የተንቀጠቀጠ ልጅ ካፒቴን ፊት ቆሞ ቁልፍ አምጣ ሲል። ካፒቴኑ አመጣ፤ መርከቤን ብቻ አትጉዱብኝ አለ።

ሦስት ሰዓት ያህል ሠሩ። ሣጥን ያወጣሉ፣ በመጥረቢያ ይፈልጣሉ፣ ከነሻዩ ወደ ባሕር ይጥላሉ። ከ340 በላይ ሣጥን፣ ከ40 ሺህ ኪሎ በላይ ሻይ፣ ኩባንያው እንደተመነው 9,659 ፓውንድ። ማዕበሉ ሸሽቶ ውኃው ጎድሎ ስለነበር ሻዩ እንደ ጭድ ክምር ከመርከቦቹ ጎን ተቆለለ። ኦኮነር የሚባል ሰው ኮቱ ውስጥ ሻይ ሲጠቀጥቅ ሂውዝ አየውና የኮቱን ጫፍ ያዘ፤ ሰውየው ሲያመልጥ ጫፉ ተቀደደ። ሌላ የተሰረቀ ነገር እምብዛም አልነበረም። አንድ ቁልፍ ተሰብሮ ነበር፤ ለእሱም ምትክ ተሰጠ። ማለዳ ላይ ጀልባ ይዘው ወጥተው፣ ውኃ ላይ የሚንሳፈፈውን ሻይ ማንም እንዳይለቅመው በመቅዘፊያ እየመቱ አሰመጡት። ብዙዎቹ ድሃ ሰዎች ናቸው። ለቤቱ አንዲት ጭብጥ የወሰደ ግን እምብዛም አልነበረም።

ሂውዝ በስተርጅና አንድ ነገር ይናገር ነበር። በዚያች ሌሊት ጎኑ ቆሞ ሣጥን አብሮት የከፈተው ጆን ሃንኮክ ነበር፤ በሸሚዙ ጫፍ ለየሁት ይላል። የታሪክ ሰዎች ይጠራጠራሉ፤ ሃንኮክ ከዚያ ሊገኝ አይችልም ይላሉ። ይሁን። እኔ የምሰማው ሽማግሌው ትከሻ ለትከሻ ብሎ ያመነበትን ድምፅ ነው።

ያች ዳርትማውዝ ሌላም ነገር ጭና ነበር፤ መጻሕፍት። ፊሊስ ዊትሊ በ1761 ከምዕራብ አፍሪካ ተይዛ፣ የሰባት ዓመት ገደማ ልጅ ሳለች ቦስተን ላይ የተሸጠች ናት። የግጥም መጽሐፏን የቦስተን አታሚ አላትምም ስላለ በ1773 ለንደን ታተመ፤ ቅጂዎቹ ወደ ቦስተን የመጡት ሻዩን በጫነችው መርከብ ነው። መጻሕፍቱ ተርፈዋል። በዚያው ዓመት ጥር ላይም ፊሊክስ በሚል ስም የተፈረመ የባሮች አቤቱታ ለገዥው ሃችንሰን ቀርቦ ነበር። ነጻነት ነጻነት የሚል ጩኸት በሞላባት ከተማ፣ እነሱም ቃሉን ሰምተው እኛስ አሉ። መልስ አላገኙም።

ሻዩ ከሰመጠ ከአንድ ወር በኋላ፣ ጥር 25 ቀን 1774፣ ሂውዝ በመንገድ ሲሄድ የጉምሩክ ሹሙ ጆን ማልኮም በአንድ ልጅ ላይ ዱላ አንሥቶ ሲሳደብ አየ። ልጁን በዚህ ልትመታው ነው እንዴ ብሎ ጣልቃ ገባ። ማልኮም አንተ ወሮበላ፣ ከተከበረ ሰው ጋር በመንገድ አትናገር አለው። ሂውዝ ወሮበላ አይደለሁም፣ በከተማው ያለኝ ስም ካንተ አያንስም ብሎ መለሰ። ማልኮም ውሸት ነው አለ። ሂውዝ የሆነው ቢሆን እኔ ቅጥራን ተቀብቼ ላባ ተለጥፎብኝ አላውቅም አለ። ማልኮም ቀደም ሲል ሌላ ከተማ ውስጥ ይኸው ደርሶበት ነበርና ቃሉ ቁስሉን ነካ። በዱላው ግንባሩን አገኘው። ሂውዝ ደሙ እየፈሰሰ ወደቀ። ዶክተር ጆሴፍ ዋረን ቁስሉን ሲያክሙት፣ የራስ ቅልህ ወፍራም ባይሆን ኖሮ ሞተህ ነበር አሉት። ጠባሳው አብሮት ተቀበረ።

ሂውዝ ያደረገው ዳኛ ዘንድ ሄዶ የመያዣ ማዘዣ መጠየቅ ነው። ሕዝቡ ግን አልጠበቀም። በዚያች ብርዳም ሌሊት ማልኮምን ከቤቱ አውጥተው፣ ልብሱን ገፍፈው፣ ትኩስ ቅጥራን ቀብተው ላባ አለበሱት። በጋሪ ጭነው እየገረፉ ሰዓታት ከተማዋን አዞሩት። ሂውዝ ብርድ ልብስ ይዞ ጋሪውን ተከተለ። ሊሸፍነው። የመታውን ሰው። ጭንቅላቱ ገና በፋሻ እንደታሰረ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ወደ ጦርነት አመራ። ሰኔ 1 ቀን 1774 የቦስተን ወደብ በፓርላማው ትእዛዝ ተዘጋ፤ በሚያዝያ 1775 ሌክሲንግተን ላይ ተኩስ ተከፈተ፤ ሰኔ ላይ በበንከር ሂል ዶክተር ዋረን ወደቁ። ሂውዝ ከተከበበችው ከተማ በጀልባ ሾልኮ ወጣ። ለሚሊሺያም፣ የእንግሊዝን መርከብ ለሚያሳድዱ መርከቦችም አገለገለ። አንድ ጊዜ ሊቀጠርባት የሄደው መርከብ «ሃንኮክ» ትባላለች። የመርከቧ ምክትል መኮንን፣ የገዛ ወገኑ፣ ባርኔጣህን አውልቅልኝ አለው። ሂውዝ ለማንም ሰው አላወልቅም አለ። ባርኔጣውን እንደደፋ ሄዶ በሌላ መርከብ ተሳፈረ።

እኛ በቋንቋችን አንተና አንቱ አለን። እስከዚህ ድረስ አንተ እያልኩት መጣሁ፤ ከዚህ ወዲያ አንቱ ልበላቸው።

ሂውዝ በተሳፈሩባት መርከብ ከተማረከው ዕቃ የሚገባቸው ድርሻ አልተከፈላቸውም። ጦርነቱ ሲያልቅም እንደጀመሩት ድሃ ነበሩ። ከሳሊ 15 ልጆች ወለዱ። አሥራ አንደኛውን «አሥራ አንድ» ብለው ሰየሙት፤ ለአሥራ አምስተኛው የራሳቸውን ሙሉ ስም ሰጥተው መጨረሻው ላይ «አሥራ አምስት» ጨመሩበት። በ1812 ከእንግሊዝ ጋር ዳግም ጦርነት ሲነሣ በ70 ዓመታቸው ሊመዘገቡ ሄደው ነበር፤ አልተቀበሏቸውም። ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ሪችፊልድ ስፕሪንግስ በምትባል መንደር፣ ሚስታቸውን ቀብረው፣ ከሠፈር ልጆች ጋር ሲያወጉ ኖሩ። የሻዩን ሌሊት ሰዉ «ሻዩ የጠፋበት» ይለው ነበር፤ «የቦስተን ሻይ ግብዣ» የሚለው ስም የተለመደው ስለ እሳቸው የተጻፉት መጻሕፍት በታተሙበት ዘመን ነው።

በ1835 ቦስተን አስታወሰቻቸው። 93 ዓመት ሊሞላቸው ተቃርበው ነበር፤ ሰዉ ግን መቶ ሊደፍኑ ነው ብሎ አምኗል። ባለጠጎች በሠረገላ አዞሯቸው፣ የሐምሌ 4 የነጻነት በዓል የክብር እንግዳ አደረጓቸው። ጆሴፍ ኮል የተባለ ሠዓሊ ምስላቸውን ሣለ፤ በምርኩዝ ላይ እጃቸውን አሳርፈው፣ ዓይናቸው እየሳቀ። ሥዕሉ «መቶ ዓመት የሞላቸው አዛውንት» ተባለ። በዓሉ አልቆ ወደ መንደራቸው ተመለሱ።

በ1840 ሐምሌ 4 ማለዳ፣ 98 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀር፣ ለበዓሉ ሊወስዳቸው ሠረገላ ደጃፋቸው ቆመ። ለብሰው ተዘጋጅተው ወጡ። ሠረገላው ላይ ሊወጡ እግራቸውን ሲያነሡ ወድቀው ክፉኛ ተጎዱ። አልጋ ላይ ከረሙ፤ ኅዳር 5 ቀን አረፉ።